የቱ ሜዳችን?

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ሀዋሳ ከተማ እግር ኳስ ክለብና ስለ አሰልጣኙ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም አንዲት ቃል ላይ ቆምኩ። «በሜዳው ማሸነፍ ያቃተው አሰልጣኝ» ይላል። የቱ ሜዳው?

ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ እንደቆየ ስፖርት የሚዘግብ ሰው ይጠፋዋል? ውድድሩ ድሬዳዋ ከሆነ ሁሉም ክለብ ድሬዳዋ ይከትማል። አዳማ ከሆነም አዳማ። መርሐ ግብሩ ላይ ስማችን ቀድሞ ስለተጻፈ ብቻ «ባለሜዳ» ተባልን። ከዚያ ሽንፈቱ ተቆጥሮ አሰልጣኙ ላይ ተጫነ።

ከቆጠራችኋቸው ሽንፈቶች አንዱን ድሬዳዋ ድረስ ሄጄ አይቻለሁ። ከሀዋሳ የተነሳነው ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ሻሸመኔን፣ ሞጆን፣ አዋሽን አልፈን ስንደርስ መሽቷል። በማግስቱ ስታዲየም ውስጥ የእኛን ማሊያ የለበስነው ተሰብስበን አንድ ሚኒባስ አንሞላም ነበር። ልጆቹ በዚያ ሙቀት ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ውሃ ውሃ ይላሉ። ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼ ተመለስኩ። እናንተ ደግሞ «በደጋፊው ፊት ተሸነፈ» ብላችሁ ጻፋችሁ። ደጋፊውማ ሀዋሳ ዲኤስቲቪ ቤት ተጣቦ ነበር የሚያየው!

ለአሰልጣኙ ጥብቅና ልቆም አይደለም። እኔም ተናድጄበታለሁ። አንድ ግብ ካገባን በኋላ ቡድኑ ወደ ኋላ ይሰበሰባል። ቅያሪው ይዘገያል። መጨረሻ ላይ አቻ ያደርጉናል። ይሄ የሱ ጥፋት ነው፣ ይጠየቅበት። ግን ኳስ ከኋላ መስርተን መውጣት የጀመርነው እሱ ከመጣ ወዲህ ነው። ሲመጣ የተረከበው ቡድን ምን ይመስል እንደነበር ዘገባችሁ አንድ መስመር አልጻፈም። ካልተነጻጸረ አሰልጣኙ ለወጠው ወይስ አባሰው እንዴት ይታወቃል?

«ልምድ በሌላቸው ልጆች ቁማር ተጫወተ» የምትለዋማ በጣም አሳዝናኛለች። ሀዋሳ መቼ ነው ታዳጊ ማሰለፍ የፈራው? በ2005 የአፍሪካ ዋንጫ ዛምቢያ ላይ ያገባው አዳነ ግርማ ከዚሁ ክለብ የወጣ ልጅ ነው። ሐይቆቹ የምንለው ክለባችን በ1996 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ከአዲስ አበባ ውጭ ያለ ክለብ ነው። በ1999 ደገሙት። ያን ዓመት አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎኝ ነው ጭፈራውን ያየሁት። እናንተ ግን «የመሀል ሰፋሪ ክለብ» ብላችሁ አለፋችሁን።

«የደጋፊው ትዕግሥት አልቋል» ብላችኋልም። ማንን ጠይቃችሁ? የሀዋሳ ፒያሳ ወርዳችኋል? አቶቴ ሰፈር ማንን አናገራችሁ? ዘገባው ውስጥ የአንድ የሀዋሳ ሰው ድምፅ የለም። እኛ እርስ በርሳችን እንኳ አልተስማማንም። ወንድሜ ዛሬውኑ ይሰናበት ባይ ነው፣ እኔ ዓመቱን ይጨርስ እላለሁ። እራት ላይ እስከ መኮራረፍ ደርሰናል።

ውድድሩ ወደ ሀዋሳ ሲመጣ ጋዜጠኛችሁን ላኩልን። ከጎናችን ቁጭ ብሎ ይይ፣ የፈለገውን ሰው ይጠይቅ። ያን ቀን ከተሸነፍን «በሜዳው ተሸነፈ» ብሎ ይጻፍ፣ አንከራከረውም። የድሬዳዋውን ግን አርሙልን።

የሐይቆቹ ደጋፊ
ከሀዋሳ