ኢንተርኔት ሲዘጋ ፊርማው የማን ነው?

ለክቡር አዘጋጁ፣

አዳማ መናኸሪያ አካባቢ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት አለኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። የሕግ ባለሙያ ባልሆንም ደንበኛ አዋጅ አትምልኝ ሲለኝ ሳላነብ አልሰጥም። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝም ያ ንባብ ነው። አገራችን ውስጥ ኢንተርኔት ሲዘጋ ማን እንዳዘዘ፣ በየትኛው ሕግ እንዳዘዘና እስከ መቼ እንደሆነ የሚነግረን የለም። ስልካችን ሲጠለፍም እንደዚያው ነው። ይህ አሠራር መቆም አለበት እላለሁ።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ማታ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ጠፋ። ለሦስት ሳምንት ያህልም ቆየ። ጊዜው የኮሮና ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ልከዋል። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ትምህርታችሁን በኢንተርኔት ተከታተሉ ተብለዋል። ከቤት አትውጡ የሚል መንግሥት፣ ቤት ቁጭ ብሎ መሥራትም መማርም የሚቻልበትን መንገድ ዘጋው።

እኔ የማልረሳው ግን የአንዲት እናት ነገር ነው። በዚያ ሰሞን ሊባኖስ ውስጥ ኑሮ ተናግቶ አሠሪዎች የእኛን ልጆች ከነሻንጣቸው ቤሩት ቆንስላችን በር ላይ እያወረዱ ይሄዱ ነበር። ቪዲዮውን ያላየ የለም። እዚህ ሰፈራችን ደግሞ ቤሩት ልጅ ያላቸው እናት አሉ። ልጅቷ የምትደውለው በኢሞ ነው፣ ያውም ዋይፋይ ስታገኝ። ኢንተርኔቱ ከጠፋ ጀምሮ እሳቸው ጠዋት ጠዋት ሱቄ ይመጡ ጀመር። ስልኳን ከመቀነታቸው ፈትተው እያቀበሉኝ፣ "ልጄ፣ ያንተ ኔትወርክ ከሠራ እስቲ ሞክርልኝ" ይሉኛል። "እማማ፣ የእኔም አይሠራም፤ አገር ምድሩ ነው የተዘጋው" እላቸዋለሁ። አንድ ቀን፣ "ማነው የዘጋው? ሄጄ እግሩ ላይ ወድቄ ልለምነው" አሉኝ።

ምን ልበላቸው? ቀበሌ ይሂዱ አልል፣ ቀበሌ አያውቅም። ቴሌ ይሂዱ አልል፣ መስኮቱ ጋ የምታስተናግደው ልጅ ከእኔ የተለየ የምታውቀው ነገር የለም። ልጃቸው በኋላ በሰላም ተገኝታለች፣ ምስጋና ለፈጣሪ። የእሳቸው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። አንድ ዜጋ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት ቢያንስ አቤት የሚልበት በር ሊኖረው ይገባል።

አንድ የገረመኝን ልጨምር። የእኛ ኢንተርኔት ከመዘጋቱ አምስት ቀን በፊት፣ ሰኔ 18 ቀን 2012፣ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር ፍርድ ቤት አንድ ውሳኔ ሰጥቶ ነበር። ቶጎ እ.ኤ.አ. በ2017 በተቃውሞ ሰልፎች ጊዜ ኢንተርኔት ዘግታ ነበርና ተከሰሰች። መንግሥቷ ለብሔራዊ ደህንነት ስል ነው አለ። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ይህን እንድታደርግ የሚፈቅድልህ ሕግ የታለ ብሎ ጠየቀው። ማሳየት አልቻለም፤ ተፈረደበት። ከዚህች ጥያቄ ሌላ እኛም የምንፈልገው የለም። የእኛው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽና መረጃ የማግኘት መብት የሚገደበው በሕግ ብቻ ነው ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ኃላፊም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ይጠየቅ ይላል።

አደጋው እውነት መሆኑን አልክድም። ጥቅምት 2012 አዳማ ውስጥ የሆነውን አይተናል። ሰው ሞቷል፣ ንብረት ወድሟል። በፌስቡክ የሚነዛ ጥላቻ ሰው እንደሚያስገድል ለአዳማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ለዚህም ተብሎ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 ወጥቷል። በዚያ አዋጅ ጥፋተኛውን ለይቶ መክሰስ ይቻላል። አገር ሙሉ ጨለማ ውስጥ ሲገባ ግን አጥፊውም ያላጠፋውም እኩል ይቀጣል። ወሬውም አይቆምም። ኢንተርኔት በሌለበት በዚያ ክረምት እገሌ ሰፈር ተቃጠለ፣ እገሌ ከተማ መንገድ ተዘጋ የሚል ወሬ ከሹፌር ወደ ሹፌር ሲዞር ነው የሚውለው። እውነቱን የሚያጣራ አልነበረም።

በ2011 ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለጋዜጠኞች ሲመልሱ ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም ብለው ነበር። ያኔም አልተስማማሁም፣ ዛሬ ደግሞ ጭራሽ አያስኬድም። ውሃና አየር ያደረገው ራሱ መንግሥት ነው። ፓስፖርት የሚጠየቀው በኢንተርኔት ነው። ከግንቦት 2015 ጀምሮ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ቀርቷል። ማደያ ሄዳችሁ እዩ። የባጃጅ ሹፌሩ ስልኩን ይዞ ይሰለፋል፣ ቀጂው መልእክቱ እስኪገባለት ይጠብቃል፣ ኔትወርክ ከተንቀራፈፈ ሰልፉ አስፋልት ይወጣል። ቴሌብር ያለ ዳታም በ*127# ይሠራል የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፣ ነዳጁ ይቀዳ ይሆናል። ጂቡቲ መንገድ ላይ ያለው የከባድ መኪና ሹፌር ግን ሰነዱን በቴሌግራም ነው የሚጠብቀው።

ቴሌግራም ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ደግሞ በ2015 አይተነዋል። የካቲት ላይ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የተነሣው ችግር ሲበረታ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ። እስከ ሐምሌ ድረስ፣ አምስት ወር ገደማ። ይህንንም እኔ ነኝ ያደረግሁት ብሎ የወጣ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ሕዝቡ ምን አደረገ? ቪፒኤን የሚባለውን፣ እገዳውን አልፎ የሚያገናኝ መተግበሪያ ጫነ። ሱቄ የሚመጣው ሁሉ ጫንልኝ ነበር የሚለው። ነጻ ቪፒኤን ማለት ደግሞ የስልክህን ግንኙነት ማን እንደሆነ ለማታውቀው ኩባንያ አሳልፈህ መስጠት ነው። የባንክ መተግበሪያ ያለበትን ስልክ! ደህንነታችንን እንጠብቃለን የሚሉ ሰዎች ሚሊዮኖችን ወደዚህ ገፉ።

ትግራይ ሁለት ዓመት ያህል ከዓለም ተቆርጣ ኖራለች። አማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለወራት ያለ ሞባይል ዳታ ቆይቷል። እነሱ ካዩት ጋር ሲተያይ የአዳማው ቀላል ነው።

አሁን ወደ ደህንነት ተቋማቱ ልምጣ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ 958/2008ን አንብቤዋለሁ። አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃችንን ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲያስቀምጡ ያዛል። ግንኙነት የሚጠለፈው በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነው፤ ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ ግን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ (ከ2014 ጀምሮ የፍትሕ ሚኒስትሩ) ያለ ትዕዛዝ መፍቀድ ይችላል። ከዚያ በ48 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ያቀርባል። ጥሩ፣ ቢያንስ በር አለው። የተጠለፈው ሰውዬ ግን መቼ ነው የሚያውቀው? ካልተከሰሰ በቀር ምናልባት ዕድሜ ልኩን አያውቅም። ያላወቀ ሰው ደግሞ አቤት አይልም።

ይህ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። የካናዳው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ በ2006 እና በ2010 ባወጣቸው ጥናቶች ከጣሊያንና ከእስራኤል ኩባንያዎች የተገዛ የስለላ ሶፍትዌር ውጭ አገር ባሉ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች ላይ መዋሉን አሳይቷል። በ2007 ደግሞ ከጣሊያኑ ኩባንያ ሾልከው የወጡ ኢሜይሎች የመንግሥት የመረብ ደህንነት ተቋም የሆነው ኢንሳ ደንበኛው እንደነበር ገለጡ። ኅዳር 2011 ላይ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በስውር እስር ቤቶች ሰው ሲሰቃይ እንደነበር በአደባባይ ነገረን፣ የደህንነት ሹማምንትም ታሰሩ። ያን ቀን ብዙዎቻችን አልቅሰናል። ሆኖም ሰው ተቀየረ እንጂ ተቋሙን ከውጭ ሆኖ የሚመረምር አካል አልተተከለም። ኢንሳም ሆነ የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት ተጠሪነታቸው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። የሚያዝዘውና የሚቆጣጠረው አንድ ሲሆን የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ነው የሚሆነው።

ደቡብ አፍሪካ ለዚህ ዋና ኢንስፔክተር አላት፤ ሹመቱን ከፓርላማው ሁለት ሦስተኛው ሊደግፈው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ ስልኩ የተጠለፈ ሰው ምርመራው ሲያበቃ ይነገረው ብሎ ወስኗል። ክሱን ያቀረበው ራሱ የተጠለፈ ጋዜጠኛ ነው። እዚያም ሌባ አለ፣ እዚያም ሽብር ያሰጋል። ቢሆንም ሠርተውታል።

የእኔ ጥያቄ ከዚህ አያልፍም። ኢንተርኔት የሚዘጋ ከሆነ ትዕዛዙ በጽሑፍ ይሁን፣ ያዘዘው ኃላፊ ስሙንና ፊርማውን ያኑርበት፣ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ፣ በዚያው ዕለትም ይፋ ይደረግ። ያን ጊዜ ፍርድ ቤት የሚወስደው ይወስደዋል። ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ስንት ስልክ እንደተጠለፈ ቁጥሩ፣ ቁጥሩ ብቻ፣ በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይነገር። ቁጥር ምስጢር አያወጣም።

የአዳማ ተመራጮች ይህን ምክር ቤት ውስጥ እንዲያነሡልን በዚሁ እጠይቃለሁ። ክቡር አዘጋጅ፣ እናንተም ጥያቄውን ለኢንሳና ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በደብዳቤ አቅርቡልን። መልስ ከሰጡ መልሱን አትሙት። ካልሰጡም ደብዳቤው የገባበትን ቀን ጠቅሳችሁ መልስ አልተሰጠንም ብላችሁ ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአዳማ ነዋሪ