ለቅዳሜው ስክራብል፦ ኪው ይዛችሁ አትቅሩ

ሰላም ለሁላችሁ፣

ባለፈው የስክራብል (በፊደል ጠጠሮች የእንግሊዝኛ ቃል የመሥራት) ጨዋታ ብዙዎቻችሁ ኪው (Q) እጃችሁ ላይ ቀርታ ነጥብ አስቀነሰቻችሁ። በእንግሊዝኛ ኪውን አብዛኛውን ጊዜ ዩ (U) ይከተላታል፤ ግን ዩ እስኪመጣ መጠበቅ አያዋጣም፤ ከ100ው ጠጠር ውስጥ ያለው ዩ 4 ብቻ ነው። ያለ ዩ የሚጻፉትን ያዙ፦ «ኪው-አይ» (QI) እና «ኪው-ኤ-ቲ» (QAT)። ሁለተኛው የኛው ጫት ነው! ኪው ብቻዋን 10 ነጥብ አላት፤ ፊደልን በሦስት የሚያባዛው ሳጥን ላይ ካረፈች 30።

ቤት ስትለማመዱ በስልካችሁ ቃል መፈለጊያ «ኪው ያለበት፣ ዩ የሌለበት» ብላችሁ ፈልጉ። ዝርዝሩ አጭር ነው፣ አያደክምም። ጨዋታ ላይ ግን ስልክ ኪስ ይግባ፣ አደራ።

በነገራችን ላይ የሰሜን አሜሪካው የስክራብል መዝገበ ቃላት ብርን ሲያበዛ እንደኛው «ብሮች» (BIRROTCH) ይላል። እጁ ላይ ያሉትን ሰባቱንም ጠጠር በአንዴ በሱ የጨረሰ የ50 ነጥብ ጉርሻውን ያገኛል።

ሰሌዳ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።