ቢጫዋን የዘለልኳት ቀን

ወዳጄ፣ እንደምን ከረምክ?

ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብህ። ስልክህን እያየሁ ያላነሳሁበት ቀንም አለ፤ አልዋሽህም። እኛ ደህና ነን። ጎንደርም ክረምቱ ወጥቶላት አደይ በአደይ ሆናለች።

የጠፋሁበትን ምክንያት ብነግርህ ትስቃለህ። ፋይል ሰብሬ ነው፤ ያቺን የጥርስ ሥር ውስጡን የምንሞርድባትን ቀጭን መርፌ መሳይ።

ተማሪ ሳለን የተነቀለ ጥርስ ጀሶ ላይ ተክለን ስንሞርድ፣ አንተ የፋይሎቹን ቁጥርና የእጀታቸውን ቀለም እንደ ዳዊት ትደግም ነበር። 15 ነጭ፣ 20 ቢጫ፣ 25 ቀይ፣ 30 ሰማያዊ፣ 35 አረንጓዴ፣ 40 ጥቁር። እኔ ቢጫዋን ዘለልኳት።

ታካሚዬ ከአዘዞ የመጡ እናት ናቸው። የታች መንጋጋ፣ የፊተኛው ሥር ቆልመም ያለ። ሰዓቱ መሽቷል፣ ውጭ ወረፋ አለ። 15 ሸርተት ብላ ስትገባልኝ ጊዜ ላተርፍ ብዬ 25ን አነሳሁ። የጫፉ ውፍረት ከ0.15 ወደ 0.25 ሚሊ ሜትር መዝለሉ ነው እንግዲህ። እምቢ አለኝ። ገፋሁት። እንደ ቡሎን አዞርኩት። ድንገት እጄ ላይ ቀለል አለኝ፤ ሳወጣው ጫፉ የለም።

ያኔ ላንተ መደወል ነበረብኝ። አፈርኩ። ለእሳቸው ግን ራጁን አሳይቼ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። «ታዲያ መርፌ ቢሰበር ቀሚሱ ይጣላል ልጄ?» አሉኝ።

ሦስት ቀጠሮ ፈጀብን። የቀጭኗን የ8 ቁጥር ፋይል ጫፍ ትንሽ አጠፍኩና በስባሪው ጎን ክፍተት ፍለጋ ገባሁ። የድሮ ሰዓት ስትሞላ ጣትህ ወዲህ ወዲያ እንደሚለው፣ እንደዚያ ብቻ። አትገፋም። በሦስተኛው ቀን ጫፏ አንድ ነገር ነከሰች፤ አለፈች። ላቤን በክንዴ ጠረግኩ። ስባሪው እዚያው ቀረ፣ ሥሩን ግን እስከ ታች አጥቤ ሞላሁት።

አሁን ትዕግሥቴን ብታይ አታምንም። ከ10 ወደ 15 መሄድ ራሱ በግማሽ መወፈር ነው፤ ትንሽ ደረጃ አይምሰልህ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ደግሞ ሮን የተባለው የጥርስ ሐኪም በ1985 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀውን የፋይል አዟዟር ነው የምጠቀመው። ወደ ቀኝ ሩብ ዙር አስገብቶ ማስያዝ፣ ከዚያ ወደ ታች በስሱ እየተጫኑ ወደ ግራ መመለስ። የሚቆርጠው በመልሱ ነው፤ ጥርሱ ሲላጭ በጣትህ ይሰማሃል። ሄድስትሮም የምትባለዋን ፋይል ግን አላዞራትም፣ ስስባት ብቻ ነው የምትፍቀው። በየመሀሉ በበረኪናው አጥቤ በትንሿ ፋይል እስከ ልኩ እወርዳለሁ፤ ያለዚያ ፍቅፋቂው ታች ይጠቀጠቅና መንገዱን ይደፍነዋል። ጥምዙ የተፈታ ፋይል ካየሁ ሳላቅማማ እጥላለሁ። የክሊኒኩ ባለቤት ያጉረመርማል፣ ያጉረምርም።

የአዘዞዋ እናት ባለፈው ለሌላ ጥርስ መጡ። ባዶ እጃቸውን አይደለም፣ አንድ ጠርሙስ ማር ይዘው። ያን ቀን ነው ልጽፍልህ የወሰንኩት።

ለጥምቀት ትመጣለህ አይደል? ቤት አለልህ፣ ሆቴል እንዳትይዝ። ስትመጣ ከአዲስ አበባ 8 እና 10 ቁጥር ኬ ፋይል ያዝልኝ። ርዝመቱ ባለ 21 ሚሊ ሜትሩን፤ ባለ 25 ሚሊ ሜትሩ የኋላ መንጋጋ ላይ ከላይኛው ጥርስ ጋር እየተጋጨ አስቸግሮኛል። ሂሳቡን እዚሁ እንተሳሰባለን።

ያንተው