ደብዳቤ ለልጄ፦ ያነሳሻቸው ሰዎች ፎቷቸውን ያግኙ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ብቻ ናፍቆትሽ በርትቶባታል።

የላክሽልኝን ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። ብርሃኑን አውቀሽበታል። የጣና ጠዋት፣ ከደንገሉ መሃል ብቅ የሚለው ታንኳ፣ ሁሉም ያምራል። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ሰዎቹ በሙሉ ከሩቅ የተነሱ ናቸው። አንዳቸውም አንቺን አያዩሽም። "ትልቁን ሌንስ የምይዘው ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ነው" ብለሽኛል። ሐሳብሽ ይገባኛል። ግን ሰው ሳያውቅ ፊቱን አንስቶ መሄድ ከማስቸገር ይብሳል።

እንደምታውቂው እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ገበሬው ቅዳሜ ገበያ ውሎ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ይመጣል። ግድግዳው ላይ ኮትና ከረባት ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። ኮቱን ይለብሳል፣ ፀጉሩን በውሃ ያርሳል፣ መስታወት ፊት ይቆማል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግን ድርቅ ይላል። "ፈገግ በል" ካልሽው ደግሞ ይብስበታል። እኔ መብራቱን እያስተካከልኩ "ዘንድሮ ዳጉሳው እንዴት ነው?" እለዋለሁ። ስለ ዳጉሳው ማውራት ሲጀምር ትከሻው ይወርዳል፣ ጉልበቱን ጨምድዶ የያዘው እጁ ይፈታል። ያኔ አነሳዋለሁ።

ያ ሰው እንዴት መታየት እንደሚፈልግ ራሱ ወስኗል። በሳምንቱ ተመልሶ ፎቶውን ይወስዳል፣ ቤቱ ይሰቅለዋል። መንገድ ላይ የሚነሳ ሰው ግን ሁለቱም ይቀሩበታል፤ መዘጋጀቱም፣ ፎቶውም። እኔ የምለምንሽ ሁለቱንም እንድትመልሺላቸው ነው።

ያን ከሩቅ የሚያነሳውን ትልቁን ሌንስ ቤት ተይው። 50 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ ያዢ። በሱ ፊትና ትከሻ ለማንሳት ሁለት ሜትር እንኳ መራቅ አትችዪም። እዚያ ድረስ ተጠግቶ ሰላም ሳይሉ መቆም ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው። ታንኳ ወደሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ስትሄጂ "ያበርታችሁ" በይና ተቀመጪ። ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። የደረቀው ደንገል በነዶ በነዶ ሲታሰር እዪ። ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሐይቁ ሲወጣ ዳር ላይ ይደርቃል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። ሠሪው ስለዚህ ሲያወራሽ አድምጪ። ከሞተር ጀልባ ላይ ሆኖ አንስቷቸው የሚሄደው ብዙ ነው፣ ወርዶ የሚያወራቸው ጥቂት። ከዚያ "ጋሼ፣ ላንሳዎት?" በይ። እምቢ ካሉ አመስግነሽ መሄድ ነው። ልጆችን እናታቸውን ሳትጠይቂ እንዳታነሺ።

ዘጌ ስትሻገሪም እንደዚሁ። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ግን ትገቢያለሽ፣ ደጁ ላይ የሚያርፉ እናቶችም አይጠፉም። ነጠላ የለበሰ ሰው ስታነሺ ካሜራው በነጩ ይታለልና ፊትን ያጠቁራል፤ ብርሃኑን ከፊታቸው ላይ ለኪ። ነጠላቸውን እስኪያስተካክሉም ጠብቂ። አንዳንዷ ጭራሽ ቤት ገብታ የክት ቀሚሷን ለብሳ ትመጣለች። አንቺ የፈለግሽው ሥራ ላይ እንዳለች ቢሆንም መጀመሪያ እሷ የፈለገችውን አንሺላት።

ዶሮቲያ ላንጅ የምትባለውን አሜሪካዊት ፎቶ አንሺ ታውቂያታለሽ። እ.ኤ.አ. በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የእርሻ ሠራተኞች ካምፕ ልጆቿን ታቅፋ የተጨነቀች እናት አነሳች። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ለካምፑ ምግብ ተላከ፤ እናትየዋ ግን ቤተሰቧን ይዛ ሄዳ ነበር። ላንጅ ስሟን አልጠየቀቻትም። ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኗ የታወቀው በ1978 ነው። ፎቶው ዓለምን ሲዞር እሷ ሳንቲም አላገኘችበትም፤ ምነው ባልተነሳሁ ብላም አማርራለች። ላንጅ ለችግረኛ የምታዝን ሴት ነበረች፤ ለዚህ ነው ነገሩ እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝ። ስም መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ስለዚህ ማስታወሻ ደብተር ያዢ። ስማቸውንና ሰፈራቸውን ጻፊ። ፎቶውን ስክሪኑ ላይ ወዲያው አሳያቸው፣ ግን በዚያ አይብቃሽ። ስልክ የሌላቸው አሉ፤ በወረቀት አሳጥበሽ ስጫቸው። ሁለተኛ ስትሄጂ "መጣሽ?" ብለው ነው የሚቀበሉሽ፣ ጥሩው ፎቶ የሚገኘውም ያኔ ነው።

እስከ ጥምቀት ድረስ ያሉሽን ፎቶዎች ላኪልኝ። በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፋይል አድርገሽ ላኪው፤ እንደ ፎቶ ከላክሽው ጥራቱ ይወርዳል፣ ሲታተም ያስታውቃል። እዚህ አሳጥቤ ራሴ አደርስላቸዋለሁ። ያቺን ጀበና የያዘችውን ሴትዮ አውቃታለሁ፤ ከጊዮርጊስ ወረድ ብላ ነው ቡና የምታፈላው። ወደ ታንኳው ሰውዬ ግን አንቺ ስትመጪ አብረን እንሂድ።

አባትሽ
ባሕር ዳር