ክረምቱ ሳይወጣ ድረሱልን፦ ለጋራ የአበባ ቦታችን የቀረበ ጥሪ

የተከበራችሁ የየካ አባዶ ጎረቤቶቻችን፣

የሐምሌው ጎርፍ ለንቦች ብለን ባዘጋጀነው የአበባ ቦታ ላይ ያደረሰውን አይታችኋል። የድንጋይ ካቡ ተንዷል፤ ችግኞቹ ከነአፈራቸው ተጠርገዋል። የተረፈው ከሮቶው አጠገብ ያለው ግራዋ ብቻ ነው። ለካቡ የጀመርነው መዋጮ ደግሞ ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ቆሟል። ኮሚቴው ደክሟል፤ ግን ቦታውን አንተወውም።

«ያለፈው ብር የት ገባ?» ለምትሉ፦ አጥሩ፣ ሮቶውና ጥቁር አፈሩ የተገዙት በዚያ ብር ነው። ደረሰኙ አለ፣ መጥቶ ማየት ይቻላል። ያ ቦታ ቆሻሻ መጣያ እንደነበር አንርሳ።

«አረም ከምትተክሉ ጽጌረዳ አይሻልም?» የሚልም አለ። ድርብርቡ ጽጌረዳ ያምራል። ንቧ ግን ብናኙ ጋ መድረሻ ስለማታገኝ ዞራ ዞራ ባዶዋን ትሄዳለች። መስከረምማ አደይና መች አሉላት። ጭንቁ አደዩ ሲረግፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሰፈራችን ኮብልስቶንና ቆርቆሮ ብቻ ነው። ስለዚህ ግራዋው በበጋ፣ ብሳናው በበልግ ያብብላታል። ክፍተቱን በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ዳማከሴና ሮዝመሪ ይሞሉታል። ጥግ ላይ ያልቆፈርነውን መሬትም አትንኩብን። ጣዝማን ጨምሮ ብዙ የዱር ንቦች የሚኖሩት መሬት ውስጥ ነው። አበባ ላይ መድኃኒት መርጨትም ይቅር።

አምና ዱባ የተከላችሁ እናቶች ታውቁታላችሁ። የዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ነው። ንብ ካላገናኛቸው፣ ከሴቴዋ ሥር ያለችው ትንሽ ዱባ ቢጫ ሆና ትረግፋለች። አበባ ሞልቶ ፍሬ ያጣነው ለዚህ ነው።

ጧፋችን ከንብ ሰም ነው። ቁርዓንም በንብ ስም የተሰየመ ሱራ አለው። ክርስቲያንም ሙስሊምም ብንሆን ይህቺን ፍጥረት በደጃችን እያስራብን ዝም ማለት አይገባንም።

ችግኝ ሥር የሚሰደው መሬቱ ሳይደርቅ ነው። ካቡ እስከ ጳጉሜን ካልተሠራ መትከል አንችልም፤ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው። ብር ያጠረው ቅዳሜ ጠዋት ዶማና አካፋ ይዞ ይምጣ።

መዋጮ የሚገባው በማኅበሩ ስም በተከፈተው የንግድ ባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በየብሎኩ መግቢያ ተለጥፏል። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው ሒሳብ አስተላልፉ። ምክንያቱ ላይ «ካብ» ብላችሁ የብሎክ ቁጥራችሁን ጻፉ። ደግመን እንለምናችኋለን፦ ስትልኩ የማኅበሩ ስም ካልመጣ አትላኩ፤ ለማንም ሰው በእጅ አትስጡ። የላካችሁበትን ደረሰኝ ለገንዘብ ያዧ አሳዩ፤ የዚያኑ ቀን ትመዘግበዋለች።

የአበባ ቦታው ኮሚቴ