ፎርማት የሚለውን እንዳትነኪው

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፤

እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? የድሬ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይኸው ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን። አንቺም ዝም፣ እኔም ዝም። ማን መደወል ነበረበት የሚለውን ስንገናኝ እንጨቃጨቅበታለን። ዛሬ የጻፍኩልሽ ግን ለሌላ ነው፣ ያውም አጣዳፊ።

ትናንት ከሥራ ስወጣ አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ታናሽ ወንድምሽን አገኘሁት። ቁመቱ ከእኔ በልጦ ሊያልፈኝ ነበር እኮ! ስላንቺ ስጠይቀው "ሀርድ ዲስኳ አልነበብ ብሏት ተናዳለች" አለኝ። አንዳንዴ ላፕቶፑ ጭራሽ አያየውም፣ አንዳንዴ ደግሞ "ፎርማት አድርጊው" ይላታል፣ እሷም ልታደርገው ነው አለኝ። የትኛው ሀርድ ስለው፣ ጥቁሩ፣ የፒያሳ ፎቶዎቿ ያሉበት።

ኧረ በማርያም! ዶሮ ማነቂያን፣ ሠራተኛ ሰፈርን፣ እሪ በከንቱን እየዞርሽ ያነሳሽበት? ሰዎቹ "ምን ልታደርጊው ነው?" እያሉ ሲቆጡሽ አብሬሽ ነበርኩ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። አሁን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ጋ ቆመሽ የድሮውን መንገድ ልፈልግ ብትይ ትደናገሪያለሽ። ያነሳሻቸው በሮች የሉም። ድጋሚ አነሳዋለሁ የምትይው ፎቶ አይደለም።

ስለዚህ ይህን እስክትጨርሺ ሀርዱን ንቀይው።

"ከመጠቀምሽ በፊት ፎርማት አድርጊ" የሚለው መልእክት ፎቶዎቹ ጠፉ ማለት አይደለም። ዊንዶውስ ማውጫውን ማንበብ አቃተኝ ነው የሚልሽ። ፈጣኑን ፎርማት ብትጫኚ ፎቶዎቹ ወዲያው አይደመሰሱም፣ የት የት እንዳሉ የሚናገረው ማውጫ ግን በባዶ ይተካል። በኋላ በፕሮግራም ቢለቀሙ እንኳ ስማቸውና ፎልደራቸው ሊጠፋ ይችላል። ሙሉው ፎርማት የባሰ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ዲስኩን ዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ ማንም አይመልስልሽም።

አሁን ወደ ችግሩ። አንዴ ይታያል አንዴ ይጠፋል ከተባለ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ገመዱን ነው። እኛ ስቱዲዮ "ሀርዴ ሞተ" ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ገመድ ቀይረንለት አመስግኖ የሚሄደውም ብዙ ነው። ያንቺ ሀርድ ገመድ ጫፉ ሰፊና ለሁለት የተከፈለ ነው፣ ታስታውሺዋለሽ። በሰፊው ክፍል በኩል የድሮ ስልክ ቻርጅ የምናደርግበት ትንሹ ገመድ ልክክ ብሎ ይገባል። ዋናው ሲጠፋ ሰው በእሱ ይተካዋል። ዳታ የሚያስተላልፍ ከሆነ ዘገም እያለም ቢሆን ይሠራል። አንዳንዱ የቻርጀር ገመድ ግን ኃይል ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ያኔ የሀርዱ መብራት ይበራል፣ ሲሽከረከርም ይሰማሻል፣ ላፕቶፑ ግን ምንም አያይም። ልጆችሽ ገመድ እንደማይምሩ አውቃለሁ፣ የትኛውን እንደሰካሽበት እስቲ እዪው።

ቀጥሎ ኃይል ነው። እንዲህ ዓይነቱ ትንሽ ሀርድ የራሱ ቻርጀር የለውም፣ የሚበላው ከላፕቶፑ ነው። የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ እስከ 500 ሚሊ አምፒር ይሰጣል፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ እስከ 900። ሀርዱ ውስጡ ያለውን፣ ፎቶዎቹ የተጻፉበትን ተሽከርካሪ ሳህን ከቆመበት ለማስነሳት ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ኃይል ይፈልጋል፣ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆሞ ዳገቱን እንደሚጀምር ሚኒባስ። ኃይሉ ካነሰው ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ እንደገና ይሞክራል። አንዴ ታየ አንዴ ጠፋ የምትሉት ይህ ሊሆን ይችላል። የዩኤስቢ ማባዣ ላይ ከሰካሽው ንቀይና ቀጥታ ላፕቶፑ ላይ አድርጊው። አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ቀዳዳ ዩኤስቢ 3 ነው። ሌሎቹን ሁሉ ነቅለሽ፣ ላፕቶፑንም ቻርጅ ላይ አድርገሽ ሞክሪው። ከተቻለ በሌላ ሰው ላፕቶፕም ይሞከር።

ስትሰኪው ጆሮሽን አስጠጊ። ለስለስ ያለ የመሽከርከር ድምፅ ጥሩ ነው። ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ እያለ የሚደጋግም ከሆነ ግን ወዲያው ንቀይው፣ ሁለተኛም አትሞክሪው። የሚያነበው ጭንቅላት ቦታውን አላገኝ ብሏል ማለት ነው። በሰካሽው ቁጥር ሳህኑን ሊፍቀው ይችላል። እንዲህ ከሆነ ከዚህ በታች የጻፍኩትን ተይው፣ ወደ እኔ ላኪው።

ድምፁ ደህና ከሆነ የዊንዶውስን ቁልፍና ኤክስን አብረሽ ተጫኚና "ዲስክ ማኔጅመንት" ውስጥ ግቢ። ሀርዱ እዚያ ካለና ፊደል ብቻ (እንደ E: ያለው መጠሪያ) ከጎደለው በቀኝ ተጫኚውና ፊደል ስጪው፣ አለቀ። ይህ ለምሳሌ ሌላ ነገር ያንን ፊደል ሲይዝበት ያጋጥማል። "ኢኒሺያላይዝ" ልበለው ወይ (እንደ አዲስ ዲስክ ላዘጋጀው ወይ) ብሎ ከጠየቀሽ ግን እምቢ በይ። "ሮው" የሚል ከተጻፈበት ማውጫው ተጎድቷል፣ ፎቶዎቹ ግን ውስጡ ሊኖሩ ይችላሉ። መጠኑን ዜሮ ካሳየሽ ወይም ጭራሽ ከሌለ ችግሩ ከዕቃው ነው፣ አትታገይው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ባለቤትሽ ማክ ገዝቷል አሉ፣ እንኳን ደስ አለው። ሀርዱን እሱ ለማክ አዘጋጅቶት ከሆነ ዊንዶውስ አያውቀውም፣ ሀርዱ ራሱ ሳይበላሽ "ፎርማት አድርጊ" ሊልሽ ይችላል። ግን ሲያዘጋጀው በውስጡ የነበረው ይጠፋል፣ ፎቶዎቹን ቀድሞ ሌላ ቦታ ገልብጧቸው እንደሆነ ጠይቂው። እስቲ ማኩ ላይ ሰክታችሁ እዩት። ለወደፊቱ ሁለቱም የሚያነቡትና የሚጽፉበት "ኤክስፋት" የሚባል የፎርማት ዓይነት አለ። ግን ለወደፊቱ አልኩ!

በሆነ መንገድ ከተከፈተ ጥገና አትጀምሪ። መጀመሪያ ቅጂ። ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጪ፣ የፒያሳውን ፎልደር አስቀድሚ። ድሬ ያሉ ጎበዞች "ቼክዲስክ እናስነሳለት" ይሉሻል። እሱ የዊንዶውስ መጠገኛ ነው፣ ዲስኩ ላይ እየጻፈ ነው የሚያስተካክለው፣ የታመመ ሀርድ ላይ ደግሞ ጭራሽ ሊያባብሰው ይችላል። ቅጂ ከተያዘ በኋላ ያሻቸውን ያድርጉ። ከገለበጥሽ በኋላ ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ጤንነቱን እዪው። ቢጫ ወይም ቀይ ካበራ ሀርዱን ጡረታ አውጪው።

እና እባክሽ ማንም አይክፈተው። ጭንቅላቱ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በጥቂት ናኖሜትር ነው። አንድ የአቧራ ቅንጣት ከዚያ ክፍተት እጅግ ትበልጣለች። እዚህ መሀል ከተማም መስኮቱ ወለል ብሎ በተከፈተ ሱቅ ሀርድ በጠረጴዛ ላይ ሲፈታ አይቼ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው የሚልሽም አይጠፋም፣ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፣ እንዳትሰሚው። ከተመሳሳይ ሀርድ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን ነቅሎ መቀየርም እንደ ድሮው አይሠራም። ለየሀርዱ የተለየ መረጃ ሰሌዳው ላይ ተቀምጧል።

"ሮው" ካለሽ እኔ ጋ ይምጣ። መጀመሪያ ዲዲሬስኪው በሚባል ፕሮግራም ሙሉ ግልባጩን አወጣለሁ። እሱ ደህናውን ክፍል አስቀድሞ ያነብና ወደተጎዳው ኋላ ይመለሳል። ከዚያ ግልባጩ ላይ እንጂ ዋናው ላይ አልሠራም። ማውጫውን በቴስትዲስክ እሞክራለሁ፣ እምቢ ካለ በፎቶሬክ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እለቅማለሁ። በፎቶሬክ ከሆነ ስማቸው አይመለስም፣ የቱ በር የማን እንደነበር ቁጭ ብለሽ ትነግሪኛለሽ። ሦስቱም ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው፣ ስለ ገንዘብ አታስቢ። አንድ አዲስ ባዶ ሀርድ ግን ግዢ፣ ከአሮጌው የማያንስ።

ስትልኪው በጨርቅ ጠቅልለሽ በሰው እጅ ይሁን። ሰውየው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ጉልበቱ ላይ ይያዘው። ከመላክሽ በፊት ግን ገመዱን ቀይረሽ ሞክሪና ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ። ድምፁንም በስልክሽ ቅረጪና በቴሌግራም ላኪው፣ ቁጥሬ ያው የድሮው ነው።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ልጆቹን ደግሞ ከገመዱ አርቂልኝ።

ያንቺው
የስድስት ኪሎዋ