አምፕህን ሸጬዋለሁ

ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህን ባለፈው እሁድ ጊዮርጊስ ደጅ አግኝቻቸው ነበር። ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። «ልጄ ይደውልልሃል?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ። ማታ ቤት ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። አደራ ብለህ የተውክልኝን አምፕ፣ የጊታር ድምፅ ማጉያህን፣ ሸጬዋለሁ። የጠፋሁትም በዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ እውነትም ኔትዎርክ አልነበረም፤ በ2015 ክረምት ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ እዚህ ያለነው ሁሉ ከውጭው ሰው ተለያይተን ከረምን። ከተመለሰ በኋላ ግን ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ስልኬን አንስቼ ስምህ ላይ ደርሼ የተውኩበት ቀን ብዙ ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። የባንድ ሥራ የማታ ሥራ ነው። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ መጀመሪያ ጸጥ የሚለው ሙዚቃ ያለበት ቤት ነው። ሐይቁ ዳር አርብ አርብ የምንጫወትበት ቤት ጥቂት ሳምንት ታገሰን፣ ከዚያ አቆመን፣ በባለቤቱም አልፈርድበትም። ሠርጉም ጠፋ። ድሮ ጥር ሲገባ እቃችንን አይሱዙ ላይ ጭነን ዳንግላ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ እያልን የምንዞረው፣ አንዱን ሠርግ ሳንጨርስ የሌላውን ቀብድ የምንቀበለው፣ ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀረ። ድራመሩ ባጃጅ ያዘ። ቤዝ የሚጫወተው ደብረ ማርቆስ ዘመዶቹ ጋ ሄደ። እኔ ደግሞ ልጅ ተወልዳልኝ፣ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ተጠራቅሞብኝ ነበር። አምፑን በ14 ሺህ ብር ሰጠሁት። መጀመሪያ የራሴን ጊታር ነበር ይዤ የወጣሁት፣ የሚገዛኝ ግን አላገኘሁም።

አሁን ገንዘቡን ልላክልህ ብል አይሆንም። ሐምሌ 2016 ላይ የዶላር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ 57 ብር የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሄዷል፣ ከውጭ የሚገባ እቃ ሁሉ አብሮት ወጥቷል። በዚያ 14 ሺህ ብር ዛሬ ያንን አምፕ የሚሸጥልህ የለም። ስለዚህ የምመልስልህ 14 ሺህ ብር ሳይሆን አምፕ ነው። እስካሁን 6 ሺህ አስቀምጫለሁ። ጊዜ ስጠኝ።

ባንዱ ግን አለ። ድራመሩ ባጃጁን እየነዳም ቢሆን ተመልሷል፣ ቤዙም ከማርቆስ መጥቷል፣ ዘፋኛችን ያው እሷው ናት። አሁን የምንጫወተው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ሊድ ጊታሩን የምይዘው እኔ ነኝ።

የምንጫወተው ያው የሰው ዘፈን ነው፣ ግማሹ የፈረንጅ ሮክ፣ ግማሹ የሀገራችን። ጃኖ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ባወጣ ሰሞን «በቃ፣ ሮክ በኛ ቅኝት ይቻላል» እያልክ ሌሊቱን ሙሉ ያስጨረስከን ትዝ ይልሃል? እኔ አላመንኩህም ነበር። ባር ውስጥ ሁለተኛው የሮክ ዘፈን ላይ ሰው ወደ ጠረጴዛው ይዞራል፣ ሦስተኛው ላይ አንዱ በአስተናጋጅ «የጎጃም ስጡን» ብሎ ይልካል። እኔም ሮክ የኛ የራሳችን ጉጉት እንጂ የሰዉ አይደለም ብዬ ነበር የማስበው።

ባለፈው ወር ግን ለአንድ ትምህርት ቤት ተጨማሪ ክፍል ማሠሪያ ገቢ ማሰባሰቢያ ተጠርተን ሄድን። በነጻ ነው፣ ትራንስፖርት ብቻ ቻሉን። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፣ ሰዓቱ ስምንት ሰዓት፣ እናቶች ነጠላቸውን ለብሰው ከፊት፣ ወጣቱ ከኋላ። ከኛ በፊት መሲንቆ የሚጫወቱ አንድ አባት ነበሩ። ሲጨርሱ አልወረዱም፣ ከመድረኩ ዳር ወንበር ስበው ተቀመጡ።

እኛ ያንን አንተ የምትወደውን፣ ረጅም የጊታር ሶሎ ያለበትን ጀመርን። ሶሎው ላይ ስደርስ የመሲንቆ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል መቃኛቸውን ጠምዘዝ አድርገው ክራቸውን ከኛ ድምፅ ጋር አስማምተውታል። እኔ አንድ ሐረግ ስጫወት እሳቸው ይመልሱልኛል። ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። ሮክ ጊታሪስት ሁሉ መጀመሪያ የሚማራቸው አምስት ድምፆች፣ ባቲ ማይነር፣ የኛው ቅኝት! ስንት ዓመት አፌ ላይ እያለ ጆሮዬ አልሰማውም ነበር። ድራመሩ ገባው፣ ቀጥ ያለውን አራት ምት ትቶ ወደ ችክችካ ዞረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በጽሑፍ መናገር ይከብደኛል። እናቶች በትከሻ ተነሡ። ወጣቶቹ ከኋላ ወደ ፊት መጡ። አባት መሲንቆውን እየገዘገዙ ሰዉን በስሙ እየጠሩ ማሞገስ ጀመሩ፣ የተጠራው ሁሉ እየተነሣ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ አሸዋ ቃል ገባ። ዘፈኑ አላለቀም፣ እኛም መጨረስ አልፈለግንም።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማመካኛ እንዳይመስልህ እንጂ። የዚያን ቀን የተዋስኩት አምፕ ደካማ ነበር። ያንተ ቢሆን ኖሮ ጊታሩ መሲንቆውን ይውጠው ነበር። ከዚያ ወዲህ ልምምድ ላይ ድምፃችንን ቀንሰን ነው የምንጫወተው፣ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን ዲስቶርሽንም ለሶሎ ብቻ ነው የምከፍተው። አባትን ሁለት ጊዜ ልምምድ ላይ ጠርተናቸው መጥተዋል። ዘፋኛችን ሁለት ዘፈን በአማርኛ ግጥም ይዛለች፣ የራሳችን። ሊዱ ላይ ግን አንተ ታስፈልገናለህ፤ እኔ ሐረጉን አገኘዋለሁ፣ አንተ ግን ታናግረዋለህ።

ያኔ «እዚህ አምስት ድምፅ ውስጥ ነው ያለው» ስትለኝ ይህን ማለትህ ነበር ለካ። አንተ በሌለህበት ነው የሰማሁት፣ ይህም ከአምፑ እኩል ቆጭቶኛል።

ለመምጣት ካሰብክ የጊታር ክር ይዘህልኝ ና፣ ባለ ዘጠኙን፣ ቀጭኑን። እዚህ ተወዷል፣ ጥሩውም አይገኝም። ልምምድ ሐሙስ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ ያችው ክፍል። ከተናደድክም ደውለህ ተናደድብኝ፣ ስልኬ ያው የድሮው ነው።

እሁድ እናትህን ሳገኛቸው ምን ልበላቸው?